በሩን ማን ይከፍተዋል?

ሱሉልታ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱርሲቱ፤

አከም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ? የጅግጅጋ ነፋስ እንዴት ያደርግሻል? ሥራውስ? እኔ ደህና ነኝ። ክረምቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባብን፤ ከቤት እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ነው። ድንቹ ግን አምሮበታል።

ትናንት በስልክ ስትጮኺ አንድም ቃል አልያዝኩልሽም። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፤ የሰውን ከንፈር ካላየሁ አይሆንልኝም። በቴሌግራም የጻፍሽውን ግን መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አነበብኩት። ጣቴ በዚያች ትንሽ ፊደል ላይ ስለሚሳሳት እንደ ወትሮዬ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ።

ተከራያችን ፍቅረሥላሴ እንደነገረሽ ገብቶኛል። እንዳይነግርሽ ለምኜው ነበር፤ አፉ አያርፍም። አዎ፣ ቆራሌው ግቢ ገብቶ ነበር። ድንች ስኮተኩት ቆይቼ ቀና ስል ጆንያውን እንደተሸከመ ፊቴ ቆሟል። እኔ ከደነገጥኩት ይልቅ እሱ ደነገጠ። “እማማ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ብጣራ ብጣራ ዝም አሉኝ” አለኝ። አንድ የተበሳ ድስት ሰጥቼ ሸኘሁት። ነገሩ ይኸው ነው፤ የተወሰደም የተነካም የለም።

በሩ ለምን እንደተከፈተ ለጠየቅሽኝ፣ ነፋስ ይሆናላ። ከዚያ በፊትም ተከፍቶ ያውቃል ወይ ላልሽው፣ አንዳንዴ። አልቆጠርኩትም።

የካሜራውን ነገር ተይው። ካሜራ ለባንክና ለሆቴል ነው። እኔ ድንቅቱ፣ አባትሽ ቢቂላ ባጠረልኝ ግቢ ውስጥ ስገባና ስወጣ በብረት ዓይን አልጠበቅም። በዚህ ጉዳይ ደግመሽ ባትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

እናትሽ


ጅግጅጋ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀርሜ ኮ፣ እማዬ፤

ስላስቆጣሁሽ ይቅርታ። አትጻፊ ብለሽኝ ግን እጽፋለሁ። ፍቅረሥላሴንም አትቆጪው፤ አስጨንቄ ያናገርኩት እኔ ነኝ።

እማዬ፣ ነፋስ መቀርቀሪያ አያነሳም። ያ ብረት ወደ ላይ ካልተነሳ በሩ ንቅንቅ አይልም። ከውጭ የሚመጣ ሰው በበሩ ቀዳዳ እጁን ሰዶ ማንሳት አለበት። ስለዚህ ወይ አንድ ሰው እየመጣ ይከፍተዋል፣ ወይ አንድ ሰው ሳይቀረቅረው ይወጣል። ግቢው ውስጥ ያላችሁት ደግሞ አንቺ፣ ፍቅረሥላሴና ሚስቱ ሮዳስ ናችሁ። እሱ ሚኒባሱን አስፋልት ዳር አቁሞ ለምሳ ብቅ ይላል፤ ተሳፋሪ እንዳያመልጠው ሮጦ ይወጣል። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ነገር ግን የማትሰማ እናቴን በተከፈተ በር ትቶ የሚሄድ ተከራይ አልፈልግም። ለመስከረም ሌላ ቤት እንዲፈልግ ብትነግሪው ይሻላል። ካልቻልሽ እኔ እነግረዋለሁ።

ካሜራውን ገበያ ወጥቼ አየሁት። ሻጩ መጀመሪያ ያቀረበልኝ ከመቅጃ ሳጥንና ከስክሪን ጋር የሚሸጥ ሙሉ ዕቃ ነበር፤ ሽቦው ግቢውን ሁሉ ሊዞር ነው፤ ለአንድ በር ይህን ሁሉ ምን ያደርጋል? ሌላው እንደ አምፖል የሚገጠምና አንገቱን የሚያዞር ነው። እሱ ዋይፋይ ይፈልጋል፤ እኛ ቤት የለም። የመረጥኩት ሲም ካርድ ሆዱ ውስጥ የሚገባለትን ነው። ዝናብ አይገባውም፣ በጨለማም ያያል፣ የሚቀዳውን ትንሽ ካርድ ላይ ያስቀምጣል፤ እኔም እዚህ ሆኜ በስልኬ አየዋለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚይዘው መጠባበቂያ ባትሪም ጨምሬበታለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ለስብሰባ አዲስ አበባ ስለሚመጣ ይዞልሽ ይመጣል።

አንቺን ልጠብቅበት አይደለም። በሩን ነው የምጠብቀው። እዚህ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም በማጉያ መነጽር እያየሁ ልቤ እዚያ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ እባክሽ እማዬ።

ልጅሽ ዱርሲቱ


ሱሉልታ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱርሲቱ፤

ዕቃው ደርሷል። ሳጥኑን አልከፈትኩትም።

ፍቅረሥላሴን እንዳትነኪው። ሮዳስ ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች ነው፤ በዚህ ዝናብ ሆዷን ይዛ ቤት ስትፈልግ ማየት አልችልም። ባለፈው ሳምንት አሞኝ ተኝቼ ሳለ ገንፎ ሠርታ ያበላችኝ እሷ ናት። (ያመመኝ ጉንፋን ነው፤ አለፈ።) ፍቅረሥላሴ ደግሞ በሩን እንደሚቀረቅር በእናቱ ስም ምሎልኛል፤ አምኜዋለሁ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ካሜራው ይሰቀል፣ እነሱ ይቀመጡ። ቤት ውስጥ ግን አይገባም። የኡዘይርንም ግቢ ማየት የለበትም፤ ጎረቤት ነው፣ ሚስቱ በገዛ ግቢዋ እንደ ልቧ ትሁን። “ለምን እንዲህ ፈራሽው?” ብለሽ በቴሌግራም ጠይቀሽኛል። አልፈራሁም። ማንም ሰው ጀርባውን ማየት አይወድም።

እናትሽ


ሱሉልታ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዱርሲቱ፤

ተሰቅሏል፤ ደስ ይበልሽ።

ያቺ ያገኘሻት ባለሙያ ሚንሃ ትባላለች። መሰላል በትከሻዋ ይዛ ስትመጣ ወንድሟን ተከትላ የመጣች መስሎኝ “ሠሪው የት አለ?” አልኳት። ሳቀች። ጆሮዬን ስለነገርሽያት መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ወደድኳት።

መጀመሪያ መብራት እንጨቱ ላይ ልትሰቅለው ሞከረች። ስልኩን ስታሳየኝ ከበሩ ይልቅ የኡዘይር ግቢ ይታያል፤ ልብሳቸው እንደተሰጣ እንኳ ይታያል። ኡዘይርም መሰላሉን አይቶ መጣ። ሳይቆጣ “እማማ፣ ለእርስዎ ሰላም ከሆነ እኛም ደስ ይለናል፤ ባለቤቴ ግን ካሜራ አለ ብላ ከቤት እንዳትቀር” አለ። ሚንሃ ወዲያው አወረደችውና ከቤታችን ጣሪያ ክዳን ሥር ሰቀለችው። አሁን የሚያየው ከደረጃው እስከ በሩ ያለውን ብቻ ነው። በአንድ ጥግ የሚገባውንም የአጥሩን ራስ በስልኳ አጠቆረችው። ኡዘይር ራሱ አይቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ቀይሪው ብላ አጥብቃ ነግራኛለች፤ አለዚያ ማንም ገብቶ ያያል አለች። ለአንቺም እንደነገረችሽ ነገረችኝ። የእኔ ስልክ ላይም ጭናልኛለች። ግቢ መሃል ቆሜ ስልኬ ላይ ራሴን አየሁት። ጀርባዬ እንዲህ መጉበጡን አላውቅም ነበር።

ድምፁን መዝጋትሽ ጥሩ ነው። ከራሴ ጋር የማወራውን መስማት አያስፈልግሽም።

በሩ ከዚያ ወዲህ ተከፍቷል ወይ ላልሽው፣ አልተከፈተም። ዝናቡ ስለበዛ ሰውም ከብትም ከቤቱ አልወጣም።

እናትሽ


ጅግጅጋ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፤

መጀመሪያ መልካሙን ልንገርሽ። በዚህ ወር ውስጥ ካለፉት ዓመታት ሁሉ በላይ አይቼሻለሁ። ጎመን ስትቀነጥቢ፣ ሮዳስን በግድ ወንበር ላይ ስታስቀምጪ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ። የምሳ ሰዓቴን ከእናንተ ጋር ነው የማሳልፈው።

አሁን ደግሞ ፍቅረሥላሴ ደውሎ የነገረኝ አለ። በዚህ ሳምንት በሩ ሁለት ቀን ተከፍቶ ተገኝቷል። አንቺ አልጻፍሽልኝም።

ስልኬ ላይ የመጣውን ማስጠንቀቂያ፣ ከነአጫጭር ቪዲዮው በሙሉ አየሁት። ሁለቱንም ቀን ፍቅረሥላሴ በዚያ ሰዓት ግቢ አልነበረም። ሮዳስም ከክፍሏ አልወጣችም። ከውጭ የመጣ ሰው የለም። የሚታየው አንቺ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ነው። ትገቢያለሽ፣ ዞረሽ በሩን ትዘጊያለሽ፤ ጀርባሽ ስለሚከልለው መቀርቀሪያውን ማሳረፍሽን ማየት አልቻልኩም፤ አጭሩ ቪዲዮ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የመጣ ማስጠንቀቂያ የለም። ወደ ማታ ፍቅረሥላሴ ሲመለስ በሩ ክፍት ነው።

በፍቅረሥላሴ ላይ የተናገርኩትን አነሳለሁ። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

እማዬ፣ የሆስፒታል ሠራተኛ ሆኜ ሳይሆን ልጅሽ ሆኜ ልጠይቅሽ። ሌላም የምትረሺው ነገር አለ? ምድጃ ላይ የተጣደ፣ የሰው ስም፣ ቀን? ቢኖር አላፍርብሽም፣ አልቆጣሽም። ሁለት ክፍል ቤት አለኝ። ከመስቀል በኋላ መጥተሽ ከእኔ ጋር ብትቀመጪ፣ ቤቱንም እነ ፍቅረሥላሴ ቢጠብቁት ብዬ አስባለሁ። እስቲ አስቢበት።

ዱርሲቱ


ሱሉልታ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱርሲቱ ልጄ፤

የጻፍሽው ደርሶኛል። ጾሙ ስለያዘኝ ይሆናል፣ ትንሽ ደክሞኛል። ስለጠየቅሽኝ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ስለ ጅግጅጋ አስቤበታለሁ። እንዳልሽ ይሁን። ድንቹን ቆፍሬ ልጨርስ።

ከእንግዲህ እዚያ ነገር ላይ ባታዪኝ ደስ ይለኛል።

ድንቅቱ


ጅግጅጋ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም! ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ። አንቺ አይደለሽም፤ በሩን ቀርቅረሽዋል!

ያ አጭር ደብዳቤሽ እንቅልፍ ነሳኝ። “እንዳልሽ ይሁን” የሚለው ቃል ካንቺ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ጨነቀኝና ሚንሃ ጋ ደወልኩ፤ ካሜራው መቀርቀሪያው እንዲታየው ዝቅ ብሎ ይሰቀል እንደሆነ ልጠይቃት ነበር። ነገሩን ስነግራት “ማስጠንቀቂያውን ለሰው ብቻ እንዲጮህ ነው ያስተካከልሽው?” አለችኝ።

አዎ፣ ለሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ድመት ባለፈ፣ ቅርንጫፍ በተወዛወዘ ቁጥር ሥራ ላይ ስልኬ ሲጮህብኝ ሰው ካልሆነ አትንገረኝ ብዬ ዘግቼው ነበር። “ካርዱ ግን የማይቀዳው የለም” አለች ሚንሃ። “ማስጠንቀቂያውን ተይውና ያን ቀን ከምሳ በኋላ ያለውን በሙሉ ቁጭ ብለሽ እይው።”

አየሁት። ትገቢያለሽ። በሩን ትዘጊያለሽ። ትንሽ ራቅ ስትዪ መቀርቀሪያው በደንብ አርፎ ይታያል። እንዲያውም ተመልሰሽ ሳብ አድርገሽ ፈተሽው። ከዚያ ወደ ቤት ገባሽ። ለብዙ ጊዜ ዝናብ ብቻ ነው። ቪዲዮውን ልዘጋው ስል በበሩ ቀዳዳ አንድ ነገር ብቅ አለ። መጀመሪያ ዱላ መሰለኝ። ቀንድ ነው፣ እማዬ! ቀንዱ ገባ፣ ከመቀርቀሪያው ሥር ተጠጋ፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ አነሳው። በሩ ተከፈተ። ቡሬ ናት!

የእኛ ቡሬ! ከፋሲካ በኋላ፣ ግጦሹ ሁሉ ቤት ተሠርቶበት ሣር ስታጪላት ለኦቦ ነገሳ የሸጥሻት ላም። አንገቷን አስገብታ ቆመች። ጆሮዋን እያማታች በረቷ የነበረበትን ቦታ ስታይ ቆየች። ወደ ውስጥ ግን አልገባችም፤ አዲሱ ድንጋይ ንጣፍ አስፈርቷት ይሁን፣ አንቺን ስላላየችሽ ይሁን አላውቅም። ዞራ ሄደች። በሌላኛውም ቀን እሷው ናት።

ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ። ባልደረቦቼ መርዶ የመጣብኝ መስሏቸው ሮጠው መጡ። “ላማችን ናት” ብዬ ስልኩን አሳየኋቸው፤ የበለጠ ግራ ገባቸው።

ቪዲዮውን ልኬልሻለሁ። ባላየሁት ነገር ስለጠየቅሁሽ ጥያቄ ይቅር በዪኝ። በጅግጅጋ ጉዳይ የጻፍኩትንም እርሺው። ለጥየቃ ትመጫለሽ፤ ለመኖር ግን ቤትሽ እዚያው ነው።

ዱርሲቱ


ሱሉልታ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱርሲቱ፤ ገለቶሚ፣ ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ፣ ዕድሜ ይስጥሽ።

ቪዲዮውን አየሁት፣ ለሮዳስ አሳየኋት፣ ለኡዘይር አሳየሁት፣ አሁንም እያየሁት ነው። የድሮው የእንጨት በር ሳለ አግዳሚውን እንደዚሁ በቀንዷ ታነሳው ነበር። አባትሽ “ይቺ ቁልፍ ይዛ የተወለደች ናት” ይላት ነበር። እንዴት ሳላስባት ቀረሁ! ብረት በር ከተሠራ በኋላ ትችለዋለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ።

አክስትሽን በዳቱን በልጅነትሽ ነው የምታውቂያት። እንዴት እንደሞተች ግን አልነገርኩሽም። ጫንጮ ሄጄ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ሕመሟ የጀመረው በበር ነው። ክፍት ትታ ትሄዳለች፤ ሲነግሯት “ዘግቼዋለሁ” ብላ ትምላለች። ከዚያ ስም ጠፋት። ከዚያ የወለደቻቸው ልጆች ጠፏት። በመጨረሻ እኔን “አንቺ ሴትዮ፣ እህቴን ጥሪልኝ” ትለኝ ነበር። እህቷ እኔ ነኝ። እሺ እጠራልሻለሁ እያልኩ ከፊቷ ዞር እልና አለቅስ ነበር።

የእኔ በር መጀመሪያ ቀን ተከፍቶ ሳገኘው በዳቱን አሰብኩ። መዝጋቴን አውቃለሁ፤ በዳቱም ታውቅ ነበር። ካሜራውን እንቢ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሌባ ያያል ብዬ አይደለም፣ እኔን ያያል ብዬ ነው። ነገሩ ከተረጋገጠ ማን ይመልሰዋል? ደግሞ አንቺ ሥራሽን ትተሽ እንደ እኔ አስታማሚ ልትሆኚ! ከዚያ ወዲህ በሩን ስዘጋ ጮክ ብዬ “ድንቅቱ ቀርቅራለች” እያልኩ እነካዋለሁ፤ ተመልሼም እንደገና እነካዋለሁ። ከራሴ ጋር የማወራው ያልኩሽ ይህንን ነው። ማንም አልመጣም ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን ልብሴን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ትናንት ከሻንጣው አወጣሁት። ልጄ፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነበር፤ አሁን የለም። ከግንቦት ወዲህ እህል እንደዚህ ጣፍጦኝ አያውቅም፤ ያውም ሽሮ ነው።

ላሜን መለስሽልኝ አልልሽም፤ ራሴን ግን መለስሽልኝ።

እናትሽ ድንቅቱ


ጅግጅጋ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀርሜ ኮ፤

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ማንበብ ስላልቻልኩ ቤቴ ገብቼ ነው የጨረስኩት። ያን ሁሉ ለብቻሽ ተሸክመሽ፣ እኔ ስለ ሲም ካርድና ስለ ባትሪ እጽፍልሽ ነበር። ከእንግዲህ ቢያስፈራሽም ንገሪኝ፤ እኔም ቢያስፈራኝ እነግርሻለሁ።

ለፍቅረሥላሴ ደውዬ፣ ከቤት ላስወጣው አስቤ እንደነበር ነግሬው ይቅርታ ጠየቅሁት። “እና አሁን ላሟን ነው ለመስከረም ቤት ፈልጊ የምትያት?” አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ልጅ ሲወለድ ስጦታ ይዤ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ፈርቼ አይደለም፤ እንዳትፈሪ ነው።

ዱርሲቱ


ሱሉልታ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዱርሲቱ፤ እንኳን አደረሰሽ፣ ባጋ ጌሴ!

ለጠየቅሽኝ ሁሉ በተራ ልመልስ። ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ። ብዙ ጠየቀኝ፤ ሥዕል አሣለኝ፣ ወደ ኋላ አስቆጠረኝ፣ የነገረኝን ቃላት መልሼ እንድነግረው አደረገኝ። “እናቴ፣ አእምሮዎ ደህና ነው፤ የደከመው ጆሮዎ ነው” አለ። ለጆሮዬ ደግሞ ቀጠሮ ሰጥቶኛል።

ሮዳስ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ስሟን ዕድላዊት ብለዋታል።

ኦቦ ነገሳ ኀፍረት ይዟቸው መጡ። “ላሟን አስሬ ላውላት?” አሉኝ። ኧረ በጭራሽ አልኳቸው። አንድ ብረት በያጅ የበሩን ቀዳዳ በብረት ክዳን ሸፈነልኝ። ቡሬ ግን መምጣቷን አልተወችም። ክዳኑን በቀንዷ ታንኳኳለች አሉኝ፤ እኔ አልሰማም፤ ግን ሚንሃ ስልኬ ላይ አስተካክላልኝ ሰውም ይምጣ ላም ስልኩ ጉያዬ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አይቼ እወጣለሁ። እንግዳ ከሆነ በስልኬ አውቄው ነው የምከፍተው፤ ቆራሌውም አሁን ጨዋ ሆኖ ውጭ ይጠብቃል። ቡሬ ከሆነች ጨው ይዤ ወጥቼ ግንባሯን አክላትና ትሄዳለች። አንቺም በምሳ ሰዓትሽ ሳታዪን አትቀሪም።

ትናንት ደግሞ ገበያ ሄጄ አንዲት ሴት ከሩቅ አይታኝ መጥታ ጥምጥም አለችብኝ። ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ስሟ ግን ጠፋኝ። ባሰብኩ ቁጥር ጠፋኝ። ባለፈው ክረምት ቢሆን እዚያው እወድቅ ነበር፤ የበዳቱ ነገር መጣብኝ ብዬ ለሳምንት እህል አይወርድልኝም ነበር። አሁን ግን ፊት ለፊት አየኋትና “እህቴ፣ ይቅርታ፣ ስምሽን ረሳሁት” አልኳት።

እሷ ደግሞ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? “እኔም ያንቺን ረስቼው እኮ ነው፣ እስካስታውሰው አቅፌሽ የቆየሁት!”

ሽንኩርት ሻጮቹ መሃል ተያይዘን ስንስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር።

እናትሽ ድንቅቱ